የላይፕዚጉ አዳራሽና ትሮምቦኑ

ላይፕዚግ የንግድ ከተማ ናት። የሳክሶኒው ገዥ መቀመጫው ድሬስደን ስለነበር የቤተ መንግሥቱን ሙዚቀኞችም የሚያኖረው እዚያው ነበር። የላይፕዚግ ነጋዴዎች ኦርኬስትራ ሲያምራቸው ከኪሳቸው አዋጥተው አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1743 ከመኳንንቱም ከነጋዴውም የተውጣጡ 16 ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው በዓመት 20 ታለር ለመክፈል ተስማሙ። የተመረጡት ሙዚቀኞችም 16 ነበሩ፤ አንድ ከፋይ ለአንድ ተጫዋች ማለት ነው። መጀመሪያ በግለሰብ ቤት፣ ቀጥሎም በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ይጫወቱ ነበር። የዛሬው የጌቫንድሃውስ ኦርኬስትራ መነሻ ይኸው ነው።

ጌቫንድሃውስ ራሱ የጨርቅ ነጋዴዎች መጋዘንና መሸጫ ነበር። ከተማው የሕንፃውን የላይኛውን ክፍል የኮንሰርት አዳራሽ እንዲያደርገው ዮሃን ካርል ፍሪድሪኽ ዳውተ ለተባለ አርክቴክት ሥራውን ሰጠ። አዳራሹ በኖቬምበር 25፣ 1781 ተከፈተ።

ዳውተ በግንቡ ውስጥ የእንጨት ክፍል ሠራ። ግድግዳው ቀጭን ሳንቃ ነበር። ከሳንቃው ኋላ ባዶ ቦታ ነበር፤ ድንጋዩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነበር። ወለሉም እንጨት ነበር። ርዝመቱ 23 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ 11 ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን ምጣኔው ሁለት ለአንድ ነበር። ቁመቱ 8 ሜትር አይሞላም ነበር። ማዕዘኖቹ በሹል አልተጋጠሙም፣ ዞረው ተያይዘው ነበር። ጣሪያውን አዳም ፍሪድሪኽ ኧዘር ሥዕል ሣለበት።

እንዲህ ያለ ክፍል እንደ መሰንቆ ሣጥን ድምፅን ያጎላል ብሎ ማሰብ ይቀላል። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ከኋላው አየር ያለው ቀጭን ሳንቃ ወፍራሙ ድምፅ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥም የዚያን ድምፅ ጉልበት ይበላዋል። ስለዚህ የባሱ ድምፅ ከልክ አልፎ አያገሳም። ሙዚቃው ከቆመ በኋላ የሚቀረው ማስተጋባት ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይዘልልም። ቫዮሊኖቹ በፍጥነት ሲሮጡ ኖታው በኖታ ላይ አይደራረብም። ግድግዳውም ቅርብ ነበር፤ ከጎን ተነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ ወዲያው ጆሮ ይደርስ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የተንዛዛ አጨዋወት መደበቂያ አልነበረውም።

የወንበሩ አደራደርም ለየት ያለ ነበር። ወንበሮቹ መድረኩን አይመለከቱም ነበር። በአዳራሹ ርዝመት ተሰልፈው የተቀመጡ ስለሆነ ግማሹ ታዳሚ ከሌላው ግማሽ ጋር ፊት ለፊት ይተያይ ነበር። የሰውን ልብስ ለመመርመር የተመቸ ነው፤ ሙዚቀኛውን ለማየት ግን አንገት ማዞር ይጠይቃል። ይህን የሚከፋ ነገር አድርጌ አላየውም፤ ቤቱ የተሠራው ለጆሮ ነው። የሚይዘው ሰው 500 ያህል ነበር። ቫዮሊንና ቪዮላ ተጫዋቾቹ ደግሞ ቆመው ነበር የሚጫወቱት። ይህ ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ አልተተወም።

ፊሊክስ ሜንደልሶን በ1835 የዚህ ኦርኬስትራ መሪ ሲሆን ዕድሜው 26 ነበር። ከእርሱ በፊት ሲምፎኒ የሚመራው አንደኛው ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ ቦታውን ሳይለቅ፣ በደጋኑ እየጠቆመ። ሜንደልሶን ዱላ ይዞ ፊት ለፊት ቆመ። በማግሥቱ ዓመት ወዳጁን ፈርዲናንድ ዳቪድን አንደኛ ቫዮሊን አድርጎ አስመጣ። ከሜንደልሶን በኋላ የመጡት መሪዎች ስም ዝርዝር ረጅም ነው፤ ኒኪሽ፣ ፉርትቬንግለር፣ ብሩኖ ቫልተር፣ ማዙር እያለ ይቀጥላል። የመሪ ስም የሚደረድር ጽሑፍ ሞልቷል። እኔን የሚይዘኝ ግን ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ አንድ የናስ መሣሪያ ነው፤ ትሮምቦን።

በዚያ ዘመን ክርስቲያን ፍሪድሪኽ ዛትለር የሚባል የመሣሪያ ሠሪ እዚያው ላይፕዚግ ውስጥ ይሠራ ነበር። የተራው ትሮምቦን ቱቦ ቢዘረጋ 2 ሜትር ከ75 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ተጫዋቹ ተንሸራታቹን ቱቦ በ7 ቦታዎች ያቆማል። በሰባተኛው ቦታ ክንዱ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። ከዚያ በታች ያሉ ጥቂት ኖታዎች የሉም፤ ክንድ ያልቃል። ዛትለር በ1839 ከመሣሪያው በላይኛው ክፍል ላይ ተጨማሪ ቱቦ ጠመጠመ። የቱቦው ርዝመት 90 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። መግቢያው ላይ የሚዞር ቫልቭ አለ፤ ቫልቩ በግራ እጅ አውራ ጣት ይከፈታል። ጣቱ ሲጫን ትንፋሹ በተጨማሪው ቱቦ ዞሮ ይወጣል፤ የመሣሪያው መነሻ ድምፅም ከቢ ፍላት ወደ ኤፍ ይወርዳል።

ሥራው የሚያምረው በሒሳቡ ነው። ቱቦው ሲረዝም በቦታዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ይረዝማል። ስለዚህ ቫልቩ በተከፈተ ጊዜ በዚያው ተንሸራታች ላይ 7 ቦታ አይገኝም፤ 6 ብቻ ነው። ከጎደሉት ዝቅተኛ ኖታዎች አራቱ ይመለሳሉ፤ አንዱ፣ ታችኛው ቢ፣ ሳይመለስ ይቀራል። ዛትለር የሚቻለውን ያህል ሞላ እንጂ ሁሉንም አልሞላም። በምትኩ ሩቅ የነበሩ ኖታዎች ቀረቡ። በስድስተኛው ቦታ ክንድ ዘርግቶ ይነፋ የነበረው ኖታ አሁን ክንድ ሳይዘረጋ፣ በአውራ ጣት ብቻ ይወጣል። የጀርመን ትሮምቦን ሠሪዎች ከዚህ ሌላ በመሣሪያው ሰፊ አፍ ቀጭን ጠርዝ ላይ የብረት ቀለበት ይጨምራሉ፤ ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታም የእባብ ቅርጽ ያለው ጌጥ ይለጥፋሉ። ጌጥ ይመስላል፣ መከላከያም ነው። ትሮምቦን መጀመሪያ የሚጋጨው በዚያ በኩል ነው።

መሣሪያው ተጫዋች ይፈልጋል። ካርል ትራውጎት ክቫይሰር በጌቫንድሃውስ ቪዮላም ትሮምቦንም ይጫወት ነበር። ዳቪድ በ1837፣ ቫልቩ ከመሠራቱ በፊት፣ ለእርሱ ኮንሰርቲኖ ጻፈለት፤ ባለ ሦስት ክፍል፣ 15 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ፣ መካከለኛው ክፍል የቀብር ማርሽ የሆነ ሥራ። ዳቪድ የቫዮሊን ሰው ነው። ትሮምቦኑን ያዘፈነው እንደ ቫዮሊን ነው፤ ረጅም ትንፋሽ፣ የተያያዘ ዜማ፣ ከዚያም ድንገተኛ ዝላይ።

ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት ልብ ይበሉ። የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን ቪየና ውስጥ ከሹበርት ወንድም ቤት የሹበርትን ታላቅ የሲ ሜጀር ሲምፎኒ አገኘ፤ ደራሲው ከሞተ 10 ዓመት አልፎታል። ሜንደልሶን በማርች 21፣ 1839 በዚያ የእንጨት አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማው። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሦስቱ ትሮምቦኖች ዜማውን በጣም ዝግ ባለ ድምፅ ይይዛሉ፤ ከአጃቢነት ወጥተው ተራኪ ይሆናሉ። በ1840 ሜንደልሶን ራሱ የምስጋና መዝሙሩን ሲጽፍ መክፈቻውን ለትሮምቦን ሰጠ፤ ሦስቱ በአንድ ድምፅ ይነሳሉ፣ ኦርኬስትራው ይመልሳል። ያ ሥራ ግን የተሰማው በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኦርኬስትራው እስከ ዛሬ በዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ በኦፔራውና በኮንሰርቱ አዳራሽ ያገለግላል።

የእንጨቱ አዳራሽ ጠበበ። በ1884 በማርቲን ግሮፒዩስና በሃይኖ ሽሚደን ንድፍ የተሠራ ሁለተኛ ጌቫንድሃውስ ተከፈተ። መጠኑ አደገ፣ ምጣኔው ግን ቀረ፤ 38 ሜትር ገደማ በ19 ሜትር፣ አሁንም ሁለት ለአንድ። ዎላስ ሳባይን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የቦስተኑን የሲምፎኒ አዳራሽ ሲያሰላ መነሻ ያደረገው ይህንን ቤት ነበር። ቦስተን ተጨማሪ ብዙ መቀመጫ ስለፈለገች የላይፕዚጉን ንድፍ በቀጥታ ማሳደግ ማስተጋባቱን ከልክ በላይ እንደሚያረዝመው በስሌት አሳየ። የቦስተኑ አዳራሽ በ1900 ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። የላይፕዚጉን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ መታው፤ ፍርስራሹ በ1968 ተነሳ።

ሦስተኛው አዳራሽ በኩርት ማዙር ዘመን፣ በ1981 ተከፈተ። 1,900 ያህል ሰው ይይዛል፤ ወንበሮቹ መድረኩን ይከባሉ፤ የሁለት ለአንዱ ምጣኔ ቀርቷል። ጥሩ ቤት ነው። የዳውተን ሳንቃ ግን አይተካውም ባይ ነኝ።

የዛትለር ቫልቭ ግን አልቀረም። ዛሬ በየአገሩ ኦርኬስትራ ውስጥ አብዛኛው የቴኖር ትሮምቦን ተጫዋች ያንን ተጨማሪ ቱቦ በአውራ ጣቱ ይከፍታል። ለትሮምቦን ቦታ የሚወዳደር ሰውም በፈተናው ቀን በአብዛኛው አስቀድሞ እንዲነፋ የሚጠየቀው የዳቪድን ኮንሰርቲኖ ነው።