ቤት መዋል፦ «ፐርፌክሽን»ን ኤርፈርት ላይ ማንበብ

መጽሐፉን ያመጣልኝ ልጅ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ነው። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። በእጁ ሦስት ጥቅል ይዟል፤ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ የጎረቤቶቼ። ቀን ቀን ቤት የምገኘው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የሕንፃው ዕቃ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚራገፈው። ጀርመንኛዬን ከተማርኩበት ኮርስ ይልቅ ያሻሻለልኝም ይሄ ነው፤ ማታ ጎረቤቶቼ አንኳኩተው ዕቃቸውን ሲወስዱ የምንለዋወጣት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር። እናቴ ግን ሥራዬ እስከ ዛሬ አልገባትም። «ቤት እየዋልሽ ነው ደሞዝ የሚሰጡሽ?» ትለኛለች። እኛ ጋ ጤነኛ ወጣት ቤት ዋለ ማለት ሥራ ፈታ ማለት ነው። ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው ብዬ ባስረዳትም መልሷ አንድ ነው፦ «ይሁን እስቲ፣ የተሻለ እስክታገኚ።»

መጽሐፉ የጣሊያናዊው የቪንቼንዞ ላትሮኒኮ «ፐርፌክሽን» ነው። በጣሊያንኛ በ2022 ወጣ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። እኔ ያነበብኩት የሶፊ ሂውዝን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ በ2025 ለዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ የገባውን። ቀጭን ነው፣ በአንድ እሑድ ያልቃል። ላፕቶፕ ይዞ አውሮፓ ውስጥ ስለሚኖር ሰው ይህን ያህል በቅርበት የሚያይ ልብ ወለድ አላጋጠመኝም። የተጣላሁትም ለዚሁ ነው። ሩቅ ሆኖ ቢሆን ምን አገባኝ ነበር።

አና እና ቶም ስሙ ካልተጠቀሰ የደቡብ አውሮፓ አገር ተነስተው በርሊን ይመጣሉ። ሥራቸው ዲዛይን ነው፤ ድረ ገጽ፣ ሎጎ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። ልብ ወለዱ የሚጀምረው በእነሱ ሳይሆን በቤታቸው ፎቶ ነው፦ ብርሃኑ፣ ወለሉ፣ ተክሎቹ። ለካ ፎቶዎቹ ቤቱን ለአጭር ጊዜ ለማከራየት የተለጠፉ ናቸው። ከዚያ በኋላ የምናነበው ሁሉ ከፎቶው ጀርባ ያለው ኑሮ ነው። ላትሮኒኮ ሐሳቡን ከጆርጅ ፔሬክ «ነገሮች» (1965) እንደወሰደ አይደብቅም። ፔሬክ ስለ ስድሳዎቹ የፓሪስ ጥንዶችና ስለሚመኙት ሶፋ ጻፈ፤ ላትሮኒኮ ሶፋውን ኢንስታግራም ላይ አወጣው።

የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት አለመናገሩ ነው። ንግግር የሚባል ነገር የለበትም። አና እና ቶም ሁልጊዜ «እነሱ» ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ሲያስብ አናይም ማለት ይቻላል። የሆነው ነገር «አንድ ቀን» ሳይሆን «ብዙ ጊዜ» ነው የሚሆነው። ይነሱ ነበር፣ ቡና ያፈሉ ነበር፣ ስልካቸውን ይከፍቱ ነበር። ለጨዋታ ያህል የመጀመሪያዎቹን ገጾች ወደ አማርኛ ልመልሳቸው ሞከርኩና በሦስተኛው አንቀጽ ላይ አቆምኩ። አንደኛ፣ «ነበር» በየዓረፍተ ነገሩ ጫፍ እየመጣች ጆሮዬን አደነቆረችው። ሁለተኛው ይበልጥ ያስቃል። በአማርኛ «ተነሱ፣ ጠጡ፣ ሄዱ» ስንል ብዙ ሰው ይሁን አንድ የተከበረ ሰው አይለይም። አና እና ቶም በእጄ ላይ አንቱ ሆነው አረፉት። የደራሲው ቀዝቃዛ ምፀት ጠፍቶ የአንድ ሽማግሌ የሕይወት ታሪክ መሰለ።

ይህ ብልሃት እስከ መጽሐፉ እኩሌታ ድረስ ድንቅ ይሠራል። የዙም ስብሰባ ከመግባቴ በፊት ካሜራው የማያሳየውን የልብስ ክምር በእግሬ ወደ ግራ የምገፋ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ተይዤአለሁ። ምስልና ኑሮ ሲለያዩ፣ ሰው ኑሮውን ትቶ ምስሉን ሲያስተካክል፣ ያንን ያለ ስድብና ያለ ስብከት ማሳየት ቀላል አይደለም። እዚህ ላይ ላትሮኒኮን የሚተካከለው ጥቂት ነው።

እኔ ግን በርሊን አይደለሁም። ኤርፈርት ከሁለት መቶ ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው የሚኖርባት የቱሪንገን ዋና ከተማ ናት። ማርቲን ሉተር ተምሮ የመነኮሰው እዚህ ነው። ከላዩ ላይ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች የተደረደሩበት ድልድይ አለ፤ ቱሪስት እመሃሉ ቆሞ ወንዙ የት አለ ይላል። በፈጣኑ ባቡር በርሊን ሁለት ሰዓት አይሞላም። አና እና ቶም በርሊን የገቡት ራሳቸውን የሚመስል ሰው ፍለጋ ነው፤ ያገኙታልም፤ ከእሱ ጋር በእንግሊዝኛ እየኖሩ ጀርመንኛው ዳር ላይ ይቀራል። መካከለኛ ከተማ ይህን ምቾት አይሰጥም። ካፌ ገብቼ ላፕቶፕ ስከፍት በክፍሉ ውስጥ ላፕቶፕ ያለኝ እኔ፣ ጥቁሯም እኔ ነኝ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ቡና ስቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ በጥር ብርድ መስኮቱን በሰፊው ከፍቼ ነው። ሥራዬ ያለው ሙኒክ፣ ባልደረቦቼ ያሉት አራት ከተማ ውስጥ፣ ሰላም የሚለኝ ሰው ግን ደረጃው ላይ ነው።

ደረጃው ደግሞ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 በክፍለ ግዛቱ ምርጫ አማራጭ ለጀርመን የተባለው የቀኝ ፓርቲ አንደኛ ወጣ፤ ከሦስት መራጭ አንዱ ገደማ ለእሱ ነው ድምፁን የሰጠው። በማግስቱ ጠዋት በዙም «ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነበር?» ተባባልን። ጥሩ ነበር አልኩ። ማታ የሦስተኛ ፎቋ አሮጊት ጥቅላቸውን ሊወስዱ መጡ። እንደ ሁልጊዜው አመሰገኑኝ፣ ስለ እግራቸው ሕመም ነገሩኝ። እኔ ግን ፊታቸውን እያየሁ ቁጥር ውስጥ ገብቼ ነበር፤ ከሦስት አንዱ፣ ከሦስት አንዱ። እሳቸው ይሆኑ አይሁኑ አላውቅም፤ መጠየቅም አልቻልኩም። ከቢሮ የምትውል ብሆን ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ጋር እካፈለው ነበር። ቤት ስውል ግን ጥያቄው በር ድረስ መጥቶ ያንኳኳል።

ላትሮኒኮ ፖለቲካን አልዘለለም። በ2015 ስደተኞች ወደ ጀርመን ሲጎርፉ አና እና ቶም ሊረዱ ይሄዳሉ፤ ግን ብዙም የሚጠቅሙት ነገር እንደሌለ ይገባቸዋል፤ ይመለሳሉ። ደራሲው የሚሳለቀው በእነሱ እንጂ በስደተኞቹ አይደለም፣ ልክ ነው። ሆኖም ስደተኞቹ ለጥንዶቹ መስታወት ሆነው ያልፋሉ። በዚያው ዓመት ጄኒ ኤርፐንቤክ ያሳተመችው የበርሊን ልብ ወለድ ላይ ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰር አፍሪካውያን ስደተኞችን ቁጭ ብሎ ስማቸውን፣ ታሪካቸውን ይጠይቃል። ያ መጽሐፍ የራሱ ክብደት አለበት፣ ፕሮፌሰሩ አንዳንዴ እንደ ፈተና ነው የሚጠይቀው። ግን አንድ ነገር ያውቃል፦ ጊዜ ሞልቶት ሥራ የተከለከለ ሰው ምን እንደሚመስል። ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው አንዱ ከየትም ሆኖ መሥራት ስለሚችል ሰው፣ ሌላው የትም መሥራት ስላልተፈቀደለት ሰው ሆኑብኝ።

እኔ ከሁለቱ መሃል ነኝ። ባለፈው ዓመት አባቴ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ሲል ለመሥሪያ ቤቴ ጻፍኩ። ሁለት ወር ከአዲስ አበባ ልሥራ፣ ስብሰባ አላስቀርም፣ የሰዓቱ ልዩነት አንድ ወይ ሁለት ነው አልኩ። በቅጥሬ ጊዜ «ከየትም ሆነው ይሥሩ» የሚል ነበር ማስታወቂያው። በትህትና ተመለሰልኝ፦ ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ የመረጃ ደኅንነት፤ «ከየትም» ሲባል ከጀርመን ውስጥ ማለት ነው። ለአንዳንድ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለጥቂት ሳምንት ይቻላል። የሁለት ሳምንት ፈቃዴን ወሰድኩና ሄድኩ። አባቴ ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ።

አና እና ቶም በርሊን ሲሰለቻቸው ሊዝበን ይሄዳሉ፣ ከዚያ ሲሲሊ። ቤታቸውን ያከራያሉ፣ ሻንጣቸውን ይዘጋሉ፣ ያልቃል። እኔ የመኖሪያ ፈቃዴ የመጣው ሥራዬን ተከትሎ ነው። አብዛኛው የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ባለቤቱ ከስድስት ወር በላይ ከአገር ሲወጣ ይወድቃል። ይህን የምለው ደራሲው ስለ እኔ አልጻፈም ብዬ ልወቅሰው አይደለም፤ ማንም ሰው የሌላውን መጽሐፍ የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጽሐፉ ስለ ነገሮች ነው፤ መብራቱን፣ ወንበሩን፣ የተክሉን ቅጠል ሳይቀር ይቆጥራል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ትልቁን፣ ያንን ሕይወት የሚያስችለውን ትንሽ ቡናማ ደብተር፣ ፓስፖርቱን ግን ቁጥር ውስጥ አያስገባውም። ሁለቱ ባያዩት አይገርምም፤ ዓሣ ውኃውን አያይም። የሚገርመው ደራሲውም አብሯቸው አለማየቱ ነው። የመጽሐፉ ትዝብት ሁሉንም የሚያይ ይመስላልና።

ከአዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ፣ እሑድ ቤት መዋል ስላስጠላኝ ብቻ ባቡር ይዤ ጎታ ሄድኩ። ከኤርፈርት ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። እዚያ ያለው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ለእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ ብዙ ሐበሻ አያውቅም። በ1624 ኤርፈርት የተወለደው ሂዮብ ሉዶልፍ ግዕዝን መጀመሪያ ከመጻሕፍት ተማረ። በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን አስጠርተው ሁለቱ በዚያ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ለወራት ሠሩ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ከተለያዩም በኋላ በደብዳቤ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የታተሙት የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረታቸው ያ ጥያቄና መልስ ነው።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳያይ ሞተ። ስለ አንድ አገር ዕድሜ ልኩን ከሩቅ ሆኖ ሠራ፤ ሪሞት ሥራ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። መንገዱን በእግሩና በመርከብ የሄደው ሌላኛው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 ሜዲትራንያን ላይ መርከብ ሰጥሞበት ሞተ። መዝገበ ቃላቱ ሲታተም አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። ግቢው ውስጥ ቆሜ ሕፃናት ብስክሌት ሲነዱ እያየሁ፣ የማወራው ቋንቋ መጀመሪያ በሰዋስው መጽሐፍ የታሰረው ባቡሬ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር መሆኑ አስገረመኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ላትሮኒኮ ስመለስ የሚጎድለውን በስሙ መጥራት ቻልኩ። አና እና ቶምን የሚያቆማቸው ሌላ ሰው አለ፤ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ቤት የሚያጸዳ፣ መንገድ የሚሄድ። መጽሐፉ ያን ሰው ከሥራ በኋላ እንደተጠረገ ጠረጴዛ ነው ያደረገው።

መጨረሻው ላይ ጥንዶቹ ንብረት ይወርሳሉ፤ እንግዳ ማሳረፊያ ያደርጉታል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ክቡ ይዘጋል። በጣም ጥሩ የተሠራ መዝጊያ ነው፣ ምናልባት ከሚገባው በላይ። ታነባላችሁ? አንብቡት። ጓደኞቼን ሁሉ አስነብቤአለሁ፤ ግማሾቹ «እኛን ነው የጻፈው» አሉ፣ ግማሾቹ «ምን ጎደላቸውና?» አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

አሁን አሁን ከሰዓት ላይ እናቴን በቪዲዮ እደውልላትና ስልኩን ቡና ስኒ ላይ አስደግፈዋለሁ። አናወራም። እሷ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አልፎ አልፎ አባቴ ከኋላ ያልፍና «አሁንም ቤት ናት?» ይላል።

ዕቃ አመላላሹ ልጅ በሌላ ጊዜ ሲመጣ በሩ ላይ ያለውን ስሜን አነበበ። «ሐበሻ ነሽ?» አለኝ። ከረን ነው የተወለደው፣ አማርኛውን ያገኘው አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ነው። ውኃ ሰጠሁት፣ ቆሞ ጠጣ። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ከቤት ሆኜ ነው አልኩት። ሳቀ።

«እኔም ከቤት ነው የምሠራው» አለ። «ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት።»

ከዚያ ሰዓቱን አየና መሣሪያውን አቀበለኝ። በጣቴ ፈረምኩ። ከጥቅሎቹ አንዱ የሦስተኛ ፎቋ አሮጊት ነበር።