ደጅ የቆመው ሰው፦ የ«እግዜር እንግዳ» ልማድና ትረካ በጣና ዳርቻ

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በስብከትም በምስክርነትም ደጋግመን የምንሰማው አንድ ዓይነት ትረካ አለ። ተራኪው መናኸሪያ ውስጥ ወይም ሐኪም ቤት ደጃፍ ጨንቆት ቆሟል። የማያውቃቸው አንድ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ይጠጉትና የልቡን ይነግሩታል፤ ወይም የጎደለውን ገንዘብ በእጁ ያስጨብጡታል። ሊያመሰግን ቀና ሲል የሉም። ታሪኩ «መልአክ ነበሩ» በሚል ይደመደማል፤ ሰሚውም እልል ይላል። ይህን ትረካ የእንግዳ አክባሪነታችን ወራሽ አድርጎ ማወደስ የተለመደ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ውርሱ ተዛብቷል የሚል ነው። ነባሩ ልማድ እንግዳውን የሚያከብረው ገና ደጅ ሳለ፣ ማንነቱ ሳይታወቅ ነበር። አዲሱ ትረካ የሚያከብረው ከሄደ በኋላ፣ ጥቅሙ ከታየ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ከታሪኩ የሚወጣው እንግዳው ራሱ ነው።

ልማዱን ለመረዳት እንደ ቁንዝላ ያለ ቦታ ይጠቅማል። በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር የምትገኘው ይህች የወደብ ከተማ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎርጎራ የሚያቀናው መርከብ የሚያድርባት ነበረች። ስለዚህ የጎጃሙም የደንቢያውም መንገደኛ፣ ዘመድ ኖረውም አልኖረው፣ ሌሊቱን እዚያ ማሳለፍ ነበረበት። በዚህ አካባቢም ሆነ በመላው የአማራ ገጠር የመንገደኛው ጥሪ አንድ ነው፦ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ»። ጠሪው ስሙን አይናገርም፤ ወገኑን አይቆጥርም፤ ችግሩን አይዘረዝርም። የሚያስታውቀው እንደመሸበትና የማን እንግዳ እንደሆነ ብቻ ነው። በዚህም ባለቤቱን ሰጪ ሳይሆን ባለዐደራ ያደርገዋል። የመጣው የሌላ እንግዳ ነውና ውለታ ሊቆጥርበት አይችልም። ውሻ ይያዝለታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከእራቱ ይካፈላል፤ መደብ ላይ ይነጠፍለታል። «ከወዴት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ሲነጋ ምልክት ትቶ እንዲሄድ አይጠበቅበትም። ቢያኮርፍም፣ ሳያመሰግን ቢወጣም የእግዜር እንግዳነቱ አይጎድልበትም።

አልጋ ቤት በተስፋፋበት ዘመን የዚህ ልማድ ቦታ መጥበቡ አይደንቅም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ የሚቀበለው በቁንዝላ አካባቢ ነው። ከተማዋም ከመሸበት መንገደኛ ሌላ በደመወዝ የሚመጣና በኪራይ የሚያድር እንግዳ አይታለች። መክፈል ነውር የለውም፤ ከፍሎ ያደረ ሰው አንገቱን አይደፋም። ነገር ግን እንግዳው ከቤት ወደ አልጋ ቤት ሲዛወር የልማዱ ቃላት ያለ ሥራ ቀሩ። ዛሬ የምንሰማው ትረካ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ይመስለኛል፤ እንግዳን በቤቱ ማሳደር የቀረበት ሰው በትርጉም ያሳድረዋል።

የትረካው ተከላካዮች ሁልጊዜ የሚጠሩት ምስክር አብርሃም ነው። ሐምሌ 7 የሚከበረው የሥላሴ በዓል ሦስቱ እንግዶች በድንኳኑ የተስተናገዱበትን ያስባል። ምስክሩ ትክክል ነው፤ የሚያነቡት ግን ከመጨረሻው ነው። በቤተ ክርስቲያን ሲሰበክ የኖረው ትውፊት የሚጀምረው እንግዳ ከመጥፋቱ ነው። ሰይጣን ራሱን አቁስሎ መንገድ ዳር ይቀመጥና አብርሃም እንደ ድሮው እንዳልሆነ፣ ደብድቦ እንደሰደደው እየተናገረ መንገደኛውን ሁሉ ይመልሳል። አብርሃምም ያለ እንግዳ አልበላም ብሎ ሦስት ቀን ይጾማል። የትውፊቱ ጥበብ ያረፈው በእነዚህ ሦስት ቀናት ላይ ነው። ማዕዱ አለ፤ የሚጠበቀው ሰው ግን ስም የለውም። አብርሃም የጠበቀው መልአክ አልነበረም፤ የራበው መንገደኛ እንጂ። በቁርኣንም የኢብራሂም እንግዶች ወደ ቀረበላቸው ጥጃ እጃቸውን ሳይዘረጉ ሲቀሩ እርሱ ይሠጋል፤ ማንነታቸው የሚገለጠውም ከዚህ በኋላ ነው። በሁለቱም መስተንግዶው መገለጡን ይቀድማል። ሩሲያዊው አንድሬ ሩብልዮቭ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህንኑ ታሪክ ሲስል አብርሃምንና ሣራን ትቶ ሦስቱን መላእክት ብቻ በማዕዱ ዙሪያ አስቀመጠ። ለጸሎት ታላቅ ሥዕል ነው። ስለ እንግዳ መቀበል ግን ብዙ አያስተምርም፤ ዱቄቱን ለውሳ የጋገረችው ሴት የለችበትምና።

ከሁሉ ይልቅ ልንመለስበት የሚገባው ግን ሰው ሲበላ ኖሮ በመንገድ ዳር ላገኘው የተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውሃ የሰጠው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። በተአምረ ማርያም ይነበባል፤ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይሰበካል፤ በዘጌው በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይም ተሥሏል። ሰባኪም ተንታኝም የሚቸኩለው ወደ ሚዛኑ ነው፦ በአንድ ወገን የተበሉት 78 ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኝ ውሃ፣ ከዚያም የእመቤታችን ጥላ ሲያርፍበት የሚደፋው ሚዛን። እኔ ግን ከመንገዱ ዳር ቶሎ መነሣት ስሕተት ነው እላለሁ። በመጀመሪያ፣ በመንገዱ ላይ የተገኘው ሰው መልአክ አይደለም። በመላእክት የተሞላ ታሪክ ይህን ለማኝ መልአክ ማድረግ አይከብደውም ነበር፤ አላደረገውም። የተጠማ ለምጻም አድርጎ ተወው። ሁለተኛ፣ ግንኙነቱ በርኅራኄ አይጀምርም። በላዔ ሰብእ የቀረበው ሊበላው ነው፤ ያተረፈው ቁስሉን መጸየፉ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የልመናው አካሄድ ነው። ለምጻሙ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይለምናል፤ አይሰማም። በቅዱሳን ስም ይለምናል፤ አይሰማም። በመጨረሻ ስለ ማርያም ይላል፤ ያን ጊዜ በዚያ ሰው ውስጥ ከልጅነቱ የቀረ አንድ ነገር ይነቃል። እዚህ ላይ ማን ማንን እንደፈለገ ልብ ይሏል። በዛሬው ትረካ ትርጉም የሚፈልገው ተራኪው ነው፤ እንግዳው ደርሶ ይጠፋል። በበላዔ ሰብእ ግን የተጠማው ሰው ነው በገዳዩ ውስጥ የተረፈውን ሰውነት ስም በስም እየጠራ የሚፈልገው። እንዲህ ያለ ብርቱ እንግዳ በጽሑፋችን ውስጥ ብዙ አላውቅም።

ታሪኩ ጉድለትም አለበት። ውሃው ከተሰጠ በኋላ ለምጻሙን አያነሣውም፤ ወዴት እንደሄደ፣ ጥሙ ረክቶለት እንደሆነ አይነግረንም። ትረካው ሁሉ ወደ ሰጪው ነፍስ ይዞራል። የዛሬው ምስክርነት የወረሰው ይህን ጉድለት ነው፤ ያልወረሰው ጥርኝ ውሃውን ነው። በዛሬው ትረካ ተራኪው ተቀባይ እንጂ ሰጪ አይደለምና።

ጉድለቱን ያረመው ጽሑፍ ሳይሆን የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ልጅ የለምጻሙን የመጨረሻ ልመና በየደጁ ይደግማል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የቆዩት በዚህ ጥሪ ነው። የቆሎ ተማሪውን መልአክ ነው የሚል የለም። ሊጠፋም አይችልም፤ ነገም ይመጣል። ልማዱን ከምልክት አዳኝነት የጠበቀው ይህ መመላለሱ ነው፤ የነገ ረሃብ ያለበትን ሰው በአንድ ቀን ተአምር ማሰናበት አይቻልም።

የእነዚሁ ቅኔ ቤቶች ልጆች መሆናችን ግን ሌላ ፈተና አለው። በሁሉ ነገር ወርቅ መፈለግ ልማድ ሆኖብናል። እንግዳው ሰም፣ እግዚአብሔር ወርቅ ይሆናል፤ አንጥረኛው ወርቁን ለማፍሰስ ሰሙን እንደሚያቀልጠው ተራኪውም መልእክቱን ካገኘ በኋላ ሰውየውን ያቀልጠዋል። «ዞር ስል የሉም» የሚለው መዝጊያ በጣም የሚወደደው ስለዚህ ነው። እንግዳው ካልጠፋ ጥያቄ ያመጣል፤ ማደሪያ አለው ወይ፣ በልቷል ወይ፣ ልጆቹስ? ከጠፋ ግን ዕዳ የለብንም።

ይህ የትረካ ምቾት የሚፈተነው በማይጠፋው ሰው ፊት ነው። ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ሐይቁን ሲያሻግሩን የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች እስልምናን የተቀበሉ፣ አማርኛ የሚናገሩ፣ ጣናን ከማንም ባላነሰ የሚያውቁ ናቸው። የጉማሬ ሥጋ በሉ ተብለው ጎረቤታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማዕድ ሲነፍጋቸው ኖሯል። የአብርሃምን እንግዶች በኦሪትም በቁርኣንም የሚያነብ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪውን ከገበታው ማራቁ ሊያሳፍረን ይገባል። ለአንድ ሌሊት መንገደኛ የተከፈተ ደጅ ዕድሜ ልኩን አጠገቡ ለኖረ ሰው የተዘጋው፣ እንግዳን ማክበር ከመለያየቱ ጋር ስለተያያዘ ነው፤ ሂያጁን ማክበር ይቀላል። ስለ ጣና እንግዳ ተቀባይነት የሚጻፍ ማንኛውም ውዳሴ ይህን ካላነሣ ግማሽ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ የማይታወቅ ሰው የጥርጣሬ ሰው ሆኗል። መንገድ ዳር ተቀምጦ ስለ ቤቱ ክፉ የሚያወራው የትውፊቱ ሰይጣን በየዘመኑ መልክ ይለውጣል፤ ሥራው ግን ያው ነው፤ ወሬ ነዝቶ መንገደኛውን መመለስ፣ አባወራውንም ደጁን ማዘጋት። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአጋጣሚ የተገኘ ሰው ለእኔ የተላከ ምልክት ነበር ወይ ብሎ መመራመር ቅንጦት ነው። የሚያስፈልገን አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነው፤ ምልክት ሳይታይ የሚሠራ፣ እንግዳው ቅር ቢያሰኝም የማይታጠፍ። እርሱም በእጃችን አለ፤ በጥሪውም በጾሙም በአኮፋዳውም ተቀምጧል። ስለዚህ የባህል መጽሔቶቻችንና ዐውደ ምሕረቶቻችን ስለተሰወሩ ሽማግሌዎች የሚሰጡትን ጊዜ ቀንሰው ዛሬም ፈርቶ ሳለ ደጁን ለሚከፍተው ገበሬ፣ እግር ለምታጥበው እመቤት ይስጡ። መንፈሳዊ ትርጉሙን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው፤ ምስጋናችንም ጥናታችንም ለእነርሱ ይገባል።