የወፍጮ ሞተር ጉልበቶች፤ ስለ ተመላላሽ ክፍሎች አሰላል የቀረበ ሒስ

ስለ ፒስቶን፣ ስለ ቢየላና ስለ ክራንክሻፍት ጉልበቶች በምህንድስና ክፍሎች የሚሰጠው ትምህርት የቆየና የተከበረ ነው። መሠረቱ ፈረንሳዊው ዳላምበር በ1743 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም የሚንቀሳቀሰውን አካል፣ የኢነርሺያ ጉልበቱን ከሌሎቹ ጉልበቶች ጋር ደምረን፣ እንደ ቆመ አካል አድርገን ለማስላት መቻላችን ነው። በዚህ ሐተታ ይህን መሠረት ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንነቅፈው አንዱን ሒሳብ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ አድርጎ የማቅረብን ልማድ ነው። ነገሩንም ከቅርባችን ካለው ሞተር ተነሥተን እንመረምረዋለን።

በከፋ ዞን፣ በቦንጋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ስፍራ በቆሎውንና ጤፉን የሚፈጨው፣ አንዳንዴም ቡናውን የሚቀሽረው የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ የቆመ እንደ ሆነ እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ በጭቃ መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ የቢየላ ቡሎን ለምን እንደሚበጠስ፣ የሞተሩም መሠረት ለምን እንደሚሰነጠቅ ማወቅ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አይደለም።

ለምሳሌ እንዲሆነን በእንግሊዝ አገር በደርዝሊ ከተማ ይሠራ የነበረውን፣ በኋላም በሕንድ በብዛት የተቀዳውን ሊስተር 6/1 የተባለውን ሞተር እንውሰድ። ይህ ሞተር ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሲሊንደር ያለውና በአራት ምት የሚሠራ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር፣ የፒስቶኑ ምት 139.7 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 650 ዙር፣ ጉልበቱም 6 የፈረስ ጉልበት ነው። ለሒሳቡ እንዲመቸን ሦስት ነገሮችን ከራሳችን እንገምት፤ ከፒስቶኑ ጋር የሚመላለሰው ክብደት 4 ኪሎ ግራም፣ የቢየላው ርዝመት የክራንኩ ክንድ አራት እጥፍ፣ ከፍተኛው የጋዝ ግፊትም 50 ባር ይሁን።

በዚህ ግምት ጋዙ ፒስቶኑን የሚገፋበት ጉልበት 51,000 ኒውተን ያህል ይደርሳል። ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ያለው የኢነርሺያ ጉልበት ግን 1,600 ኒውተን ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከጋዙ ጉልበት ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ይሆናል። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ «ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ኢነርሺያው ሊተው ይችላል» ብሎ ይደመድማል። ፍንዳታው የክራንክሻፍቱን ክንድ ምን ያህል እንደሚያጎብጠው ለጠየቀ ሰው መልሱ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ይኸው መልስ ወደ ቡሎኖቹ ሲዛወር ነው።

አስቀድመን የመሠረቱን ቡሎን እንመልከት። ጋዙ ፒስቶኑን ወደ ታች ሲገፋ በዚያው መጠን ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋል። ሁለቱ ጉልበቶች በሞተሩ አካል ውስጥ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። ስለዚህ 51,000 ኒውተን የሚያህለው ግፊት ሞተሩን ከመሬት አያነሣውም፤ ወደ መሠረቱ የሚደርሰው ፒስቶኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ በጎን ሲጫን የሚፈጥረው የመጠምዘዝ ኃይል ብቻ ነው። የኢነርሺያው ጉልበት ግን በሞተሩ ውስጥ የሚያጣፋው አቻ የለውም። በሰከንድ ወደ 11 ጊዜ ያህል መሠረቱን ወደ ላይ ይስባል፣ ወደ ታችም ይጫናል። እንግዲህ «ይተው» የተባለው ትንሹ ጉልበት ወፍጮ ቤቱን የሚያንቀጠቅጠው ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው የቢየላው ቡሎን ነው። በፍንዳታው ጊዜ ጋዙ ቢየላውን ስለሚጫነው ቡሎኑ አይሳብም። የተቃጠለው ጋዝ ወጥቶ ሲያልቅ ግን ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ ይደርሳል፤ የሚጫነው ጋዝ ስለሌለም ፒስቶኑን የሚመልሰው ቢየላው ነው፣ የስበቱንም ጫና የሚሸከመው ቡሎኑ ነው። ይህ በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ፣ በደቂቃ 325 ጊዜ ይደርሳል። ስምንት ሰዓት የሠራ ሞተር ቡሎኑን 156,000 ጊዜ ስቦታል ማለት ነው። በሚገባ ያልጠበቀ ቡሎን በዚህ ምልልስ ድካም ቢበጠስ ሊያስደንቀን አይገባም።

የአገሩ ከፍታም በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 81 እጅ ያህል ነው። ስለዚህ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ይሳሳል፣ የመታመቂያው ግፊት ዝቅ ይላል፣ ሞተሩም ይደክማል። የፒስቶኑ ኢነርሺያ ግን ከፍታን አያውቅም። ባለወፍጮው የጎደለውን ጉልበት ለማካካስ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን አጥብቆ 650 የነበረውን ዙር 750 ቢያደርሰው፣ ፍጥነቱ ከመቶ 15 እጅ ሲጨምር የኢነርሺያው ጉልበት ከመቶ 33 እጅ ይጨምራል። ምክንያቱም ይህ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። እንዲህ ሲሆን ባለወፍጮው ጥቂት ጉልበት አገኘሁ ሲል ሁለቱንም ቡሎኖች ይጎዳል። ይህን ለባለወፍጮው ማስረዳት የሚገባው የተማረው ሰው ነው፤ የተማረው ሰው ራሱ ኢነርሺያውን ከሒሳቡ ከሰረዘው ግን የሚያስረዳው አይኖርም።

በሌላ በኩል፣ የሚዛን ክብደት በክራንኩ ወይም በከባዱ መንኮራኩር ላይ ከተጨመረ ጣጣው ሁሉ ያልቃል የሚሉ አሉ። ይህም ግማሽ እውነት ነው። የሚሽከረከር ክብደት ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሰውን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው አይችልም። ከተመላላሹ ክብደት ግማሹን በሚዛን ብንተካ፣ የሽቅብ ቁልቁሉ ንዝረት ዋና ክፍል በግማሽ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ያህል ግን ወደ ጎን ይዞራል። ለጥሩ የኮንክሪት መሠረት ይህ ልውውጥ ይጠቅም ይሆናል። ረጅም ዝናብ በሚጠጣው በከፋ ቀይ አፈር ላይ ለተጣለ ጠባብ መሠረት ግን የጎን ንቅናቄው የባሰ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም አቅጣጫ መመርመር አለበት።

ከዚህ በላይ የተነቀፈውን ለማረም የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ተማሪው ለአንድ ሞተር ሁለት ሰንጠረዥ ያዘጋጅ፤ በአንዱ እያንዳንዱ ክፍል የሚሸከመውን፣ በሌላው ከሞተሩ ወጥቶ ወደ መሠረቱ የሚሻገረውን ጉልበት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ክብደቱን ከመጽሐፍ አይቅዳ፤ ይመዝን። ቢየላውን አግድም አስተኝቶ፣ ትልቁን ጫፍ በስለት ላይ አሳርፎ፣ ትንሹን ጫፍ በሚዛን ላይ ቢያደርገው ከፒስቶኑ ጋር የሚመላለሰውን ድርሻ ያገኛል። ቡና በየመጋዘኑ በሚመዘንበት አገር ሚዛን አጣሁ ማለት አይቻልም። ሦስተኛ፣ በእጅ የሚያዝ የዙር መቁጠሪያ ይዞ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሂድና ሞተሩ በእርግጥ በስንት ዙር እንደሚሠራ ይመልከት፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውና ባለወፍጮው ያስተካከለው አንድ ላይሆኑ ይችላሉና።

እኛ ለምሳሌው የወሰድነው 4 ኪሎ ግራም ግምት ነው፤ እውነተኛው ክብደት ሲታወቅ አኃዞቹ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ። የክርክራችን ፍሬ ነገር ግን አይለወጥም። የአንድ ጉልበት ትንሽነት የሚታወቀው ከሌላው ጉልበት ጋር በማነጻጸር ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበትን ቦታ በመጠየቅ ጭምር ነው። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን ይህን ሒስ በቅን መንፈስ ተመልክተው፣ በሚዛንና በመለኪያ በተገኘ አኃዝ ቢያርሙን ደስታችን ነው።