«ዘመነ መሳፍንት» ከጎረቤላ ሲታይ
ስለ ሸዋ መንግሥት የተጻፉ አንዳንድ መጻሕፍት ምርመራ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ጎረቤላ የደረሰ ሰው ደጋው በድንገት አልቆ፣ ከገደሉ በታች የይፋት ቆላና ከዚያም ወዲያ የአፋር በረሓ ተዘርግቶ ያያል። ከከተማው ጥቂት አለፍ ብሎ የሚገኘው የአንኮበር ኮረብታ፣ ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ የተሠራበት፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረ። የቦታው ስም ራሱ «የአንኮ በር» ማለት እንደ ሆነ ይነገራል። አንኮም የአገሩ ባላባት የነበረች የኦሮሞ ሴት ናት ይባላል። ትረካው እንዴትም ቢሆን «በር» የሚለው ቃል ለቦታው ይስማማዋል። የሸዋን መንግሥት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ግን ከዚህ በር ቆመው የተመለከቱት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚመለከቱት ከጎንደር ነው።

«ዘመነ መሳፍንት» የሚለው ስያሜ የመጣው ከመጽሐፈ መሳፍንት፣ ማለት በእስራኤል ንጉሥ ያልነበረበትን ጊዜ ከሚተርከው መጽሐፍ ነው። ዘመኑም ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደለበት ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ ደጃዝማች ካሣ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ ቴዎድሮስ ተብሎ እስከ ነገሠበት እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም. ድረስ ይቈጠራል። ስያሜው ለጎንደርም ቢሆን በትክክል አይገጥምም፤ ምክንያቱም በጎንደር ሥልጣን እንጂ ንጉሥ አልጠፋም። ለሸዋ ግን ከነጭራሹ የተገላቢጦሽ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ሸዋ የተገዛችው በአንድ ቤት ነው። ከነጋሢ ክርስቶስ ወደ ሰብስትያኖስ፣ ከዚያም ወደ አብዬ፣ ወደ አምኀ ኢየሱስ፣ ወደ አስፋ ወሰን፣ ወደ ወሰን ሰገድ፣ ወደ ሣህለ ሥላሴና ወደ ኃይለ መለኮት ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። በጎንደር የየጁ ራሶች ንጉሥ ሲሾሙና ሲሽሩ፣ አንኮበር ላይ ያለው ገዥ መርዕድ አዝማች ከሚለው ማዕርግ ወደ ራስነት፣ ከራስነትም ወደ ንጉሥነት ወጣ። ሣህለ ሥላሴ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሻምበል ሐሪስ ጋር፣ በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ከፈረንሳዊው ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ውል ሲዋዋል የጎንደርን ፈቃድ አልጠየቀም። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ላይ የተጠራውም የሸዋ፣ የይፋትና የኦሮሞ ንጉሥ ተብሎ ነው።

ይህን የመሰለው መንግሥት በምን ቆመ? ለዚህ ጥያቄ የሐሪስ መጽሐፍ፣ በ1836 ዓ.ም. ለንደን የታተመው፣ እስከ ዛሬ ዋና ምስክር ሆኖ ይጠቀሳል። ሐሪስ በጌጠኛ ቃል የሚደሰት፣ የመልእክቱን ውጤት ከፍ አድርጎ ለማሳየት የሚተጋ ጸሐፊ ነው፤ በዚያው ዓመት መጽሐፉን ያሳተመው ቻርልስ ጆንስተን ስለ መልእክተኞቹ የተናገረውን ሳያነቡ ሐሪስን ብቻ መጥቀስ አይገባም። ጆንስተን ቤት ይዞ የተቀመጠው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ሳይሆን ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ፣ በነጋዴዎቹ መካከል ነውና ያየው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከታጁራ በአውሳ በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበትን ገበያ፣ የአሞሌውን ጨው፣ በአቅራቢያውም አብዱል ረሱል ላይ የሚሸጠውን ባሪያ። የአንኮበር ንጉሥ ኀይል ግማሹ ከዚህ ገበያ ቀረጥ፣ ግማሹም በየዓመቱ በኦሮሞ አገር ላይ ከሚያደርገው ዘመቻ የመጣ ነው። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ በ1832 ዓ.ም.፣ ሐሪስም በኋላ ዘመቻውን ተከትለው ያዩትን ጽፈዋል። የሸዋን ሥርዓት የሚያመሰግን ተመራማሪ ይህን ምዕራፍ ዘልሎ ማለፍ አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የጎንቾ ነገር ነው። ሣህለ ሥላሴ በ1805 ዓ.ም. አባቱ ሲገደል ታላቅ ወንድሙን በኩሬን ቀድሞ ዙፋኑን ያዘ፤ ወንድሞቹም በጎንቾ ታሰሩ። ይህ ዘዴ ለጎንደር ነገሥታት ወህኒ አምባ የነበረውን የሚመስል ነው። ልዩነቱ በጠባቂው ላይ ነው፤ የክርስቲያኑ ንጉሥ ወንድሞች የተሰጡት ለይፋት ገዥ ለእስላሙ ለወላስማ መሐመድ ነበረ። ወላስማ የሚለው ማዕርግ ከጥንቱ የይፋት ሥርወ መንግሥት የወረደ ነው። ለአንኮበር ዙፋን ፈጽሞ ሊታጭ የማይችል ሰው ስለ ሆነ፣ ለዙፋኑ የሚያሰጉትን ለመጠበቅ ከእርሱ የሚሻል አልነበረም። መርደኬ አቢር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኢትዮጵያ፣ ዘመነ መሳፍንት» በተባለው መጽሐፍ ንግድን የታሪኩ አንዱ መሠረት አድርጎ ማየቱ ትልቅ አገልግሎት ነው። በንዑስ አርእስቱ ግን ዘመኑን የእስልምና ፈተናና የክርስቲያኑ መንግሥት እንደ ገና መዋሐድ ብሎ መግለጹ ለጎንቾ አይስማማም። በዚያ ዙፋኑን ከክርስቲያን መሳፍንት የጠበቀው የእስላም ሹም ነውና።

ሽፈራው በቀለ በ1990 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት የወረ ሴሕ ቤት አገዛዝ ዝም ብሎ ሥርዓት አልባነት እንዳልነበረ አሳይቷል፤ አስተያየቱ ትክክል ነው። ሆኖም የያዘው ጊዜ ከ1786 እስከ 1853 እ.ኤ.አ. የየጁዎች ዘመን ስለ ሆነ ሸዋ ከደጅ ቀርታለች። ስቬይን ኤጌ በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ በአንጻሩ ሸዋን ብቻ መርምሮ፣ የገበሬው ምርት እንዴት ወደ ንጉሡና ወደ ሹማምንቱ እንደሚሄድ ይተነትናል። ከተጠቀሱት ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ጉድለቱ አተኩሮ የሚያየው በ1840 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያለውን ጊዜ መሆኑ ነው፤ ሥዕሉ ግልጽ ነው፣ ግን አይንቀሳቀስም።

በሩቅ ምሥራቅም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በኮሪያ የሲላ መንግሥት በደከመ ጊዜ ኋለኛ ቤክጄና ኋለኛ ጎጉርዮ የተባሉ ተፎካካሪ መንግሥታት ተነሡ፤ በመጨረሻም በባሕር ንግድ ከበለጸገ ቤተ ሰብ የተወለደው ዋንግ ጎን በ936 እ.ኤ.አ. አገሩን አንድ አደረገ። የዚያን ዘመን ታሪክ በ1145 እ.ኤ.አ. የደረሰው ኪም ቡሲክ የአሸናፊው ቤት ሹም ስለ ነበረ ተፎካካሪዎቹን የሚያያቸው ከፍጻሜው ተነሥቶ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ፣ በ1959 ዓ.ም. በአማርኛ የታተመው፣ ይህንኑ ጠባይ ይዟል። የአንኮበር ነገሥታት በዚያ የሚታዩት እንደ ምኒልክ መንገድ ጠራጊዎች ነው። የሰሜኑ ታሪክ ሸዋን የመከፋፈል ምልክት ሲያደርጋት፣ የሸዋው ታሪክ የአንድነት ዘር ያደርጋታል፤ ሁለቱም ራሷን አላዩአትም።

የሁለቱም ስሕተት በግልጽ የሚታየው በዓመታቱ ላይ ነው። ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ሲሞት የአቢቹ ኦሮሞ ተነሡ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞተ፣ ሕፃኑ ምኒልክም ተማረከ። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የሾሙት ኃይለ ሚካኤል፣ ያመፀው ሰይፉና ከሹመት ወደ ንግሥና የተሻገረው በዛብህ አንዱ በሌላው ላይ ተነሡ፤ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በ1857 ዓ.ም. እስኪመለስና በዛብህን ጋዲሎ ላይ እስኪያሸንፍ ድረስ አንኮበር ጸጥታ አላገኘም። እንግዲህ ጎንደርን የሚቈጥር ተማሪ መከፋፈሉ በ1847 ዓ.ም. አበቃ ሲል፣ ከጎረቤላ የሚቈጥር ደግሞ የሸዋ ተፎካካሪ መሳፍንት የበዙት ከዚያ ዓመት በኋላ መሆኑን ያገኛል፤ ያመጣቸውም አንድ ያደርጋል የተባለው ክንድ ነው።