ዶራ በጆሮ ይመረጣል

የጃፓን ዶራ ሊገዛ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ ቀለሙ ላይ ያርፋል። ጠቆር ያለ፣ ዕድሜ የጠገበ መልክ ልብ ይሰርቃል። ያንን መልክ ግን ኬሚካልም ይሰጣል፤ ስለዚህ ቀለሙን መጨረሻ ላይ ይዩት።

ዶራ ጠርዙ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ በገመድ ተሰቅሎ ጫፉ በተሸፈነ መምቻ የሚመታ ክብ የነሐስ ዝርግ ነው። በመርከብም በቤተ መቅደስም ይደወላል፤ ትልቁ ፈተናው ግን የሻይ ሥነ ሥርዓት ነው። እንግዶች ምግብ በልተው ወደ አትክልት ስፍራው ይወጣሉ። ጋባዡ ለወፍራሙ ሻይ ክፍሉን አሰናድቶ ሲጨርስ አምስት ጊዜ ይመታል፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ መካከለኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍ አድርጎ። እንግዶቹ ቁጢጥ ብለው ያዳምጣሉ። ግቡ የሚላቸው ሌላ ሰው የለም። (ይህ የቀን ወግ ነው፤ ማታ ደወል ይተካዋል።)

እንግዲህ ሲፈትኑት ከዝቅተኛው ምት ይጀምሩ። መምቻውን ከገጹ ጥቂት ጣት ያህል አርቀው በራሱ ክብደት ብቻ ያሳርፉት። ደህና ዶራ ለዚህም ሙሉ ድምፅ ይመልሳል፤ ደካማው ካልደበደቡት አይናገርም፣ ሲደበድቡት ደግሞ እንደ ወደቀ ድስት ክዳን ይንጫጫል። ከዚያ እጅዎን ሰብስበው ይጠብቁ። ድምፁ ከምቱ በኋላ ሰፋ ብሎ፣ ከፍ ዝቅ እያለ በዝግታ ይርቃል። ይህ ሞገድ የሚመጣው ተቀራራቢ ንዝረቶች ሲገናኙ ነው፤ ለእኔ ጆሮ ዝግ ያለው ይጥማል፣ የሚንቀጠቀጠው ያደክማል። ከሥር ዝዝ የሚል ነገር ከሰሙ ግን ስንጥቅ ይፈልጉ፤ በተለይ በገመዱ ቀዳዳዎች ዙሪያ።

የድምፁ ምንጭ ሳሃሪ የሚባለው ቅይጥ ነው፤ መዳብ ከመቶ 20 ገደማ ቆርቆሮ ተጨምሮበት። ቆርቆሮው ሲበዛ ድምፁ ይረዝማል፣ ቅይጡ ግን ተሰባሪ ይሆናል። የእኛን ባለእጅ የሚያስገርመው ማከሚያው ነው። የጋለ የብረት መሣሪያ ውሃ ሲነከር ይጠነክራል፤ ሳሃሪ ግን ግሎ ሲነከር ተሰባሪነቱ ይቀንሳል። በካናዛዋ ከተማ በዚህ ሥራ የታወቀው ቀዳማዊ ኡኦዙሚ ኢራኩ በ1955 እ.ኤ.አ.፣ የልጅ ልጁ ሣልሳዊ ኢራኩ ደግሞ በ2002 «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ተብለዋል።

ሻጩ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ካሳየዎት ይሰቀልልኝ ይበሉ። መምቻውንም ይመርምሩ፤ ጫፉ የደረቀ መምቻ ጥሩውንም ዶራ ያስጮኸዋል።