ከሐረጎ ቁልቁል

አዲስ ቡድን ውጭ አገር ሄዶ ተሸንፎ ሲመለስ ደሴ ፒያሳ ካፌዎች ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ይበልጡናል»። ታዳጊዎችን የማሠለጥን ሰው ነኝና ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል። ብልጫው አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ልጆቹን የሚጥላቸው እንግድነቱ ነው፤ እንግድነት ደግሞ በልምምድ ይለመዳል።

ጥር 2005 ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሲገቡ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ከአገር ውስጥ ሊግ የመጡ ነበሩ። ከዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው ገና ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ጎልም ገባባቸው። በጎደሎ ሰው ተጫውተው ግን አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጡ። ከአራት ቀን በኋላ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ሰው የሚያስታውሰው አራቱን ጎል ነው። እኔ ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ግን በሁለተኛው አጋማሽ የቡርኪናም በረኛ በቀይ ካርድ መውጣቱን ነው። ሦስቱ ጎሎች የገቡት ከዚያ ወዲያ ነው፤ ተጋጣሚ በአሥር ሰው እየተጫወተ።

ነገሩን እንዲህ ነው የማየው። ራሳችን ስንጎድል ተጠጋግተን፣ ተጠራርተን እንከላከላለን። ሌላው ሲጎድል ግን ዕድሉ እንዳያመልጠን ሁላችንም ወደፊት እንነጉዳለን፤ ከኋላችን ሜዳው ባዶውን ይቀራል። ልምድ ያለው ቡድን በዚያች ሰዓት ኳሱን ይዞ ያርፋል።  ጥር 2014 በአፍሪካ ዋንጫ ባለሜዳዋ ካሜሩን ላይም ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ ቀድሞ ጎል ሲያገባ፣ መሪነቱ የቆየው አራት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ። ስለዚህ በልምምድ ላይ «አሁን አግብታችኋል» ብዬ አስቆምና ቀጣዮቹን አምስት ደቂቃዎች ብቻ አጫውታለሁ።

አየሩ ሌላ ጣጣ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢወረድ ኮምቦልቻ ይደረሳል፤ ከፍታውም 600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ትንፋሽ ይተርፈዋል ይባላል። እውነት ነው፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን አምነው የመጀመሪያውን አጋማሽ በሩጫ ይጨርሱታል፤ ከዕረፍት በኋላ ሙቀቱ እግራቸውን ይይዘዋል።

ከሁሉ የሚፈተነው በረኛው ነው። አየሩ ወፈር ሲል ከፍ ብላ የተመታች ኳስ ፍጥነቷን ቶሎ ትጥላለች። አንድ ጎበዝ በረኛዬ ኮምቦልቻ ላይ ከክንፍ የተሻገረችን ኳስ እንደ ደሴው ሆጤ ሜዳ ገምቶ ወደ ሁለተኛው ቋሚ አፈገፈገ። ኳሷ ግን አጥራ መሐል ወደቀች፤ አጥቂው በግንባሩ ገጨና አገባት። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ኮች፣ ኳሷ አልደረሰችም እኮ!» አለ። ትክክል ነበር። ባሕር ጠለል ላይ ያለው አየር ደግሞ ከኮምቦልቻውም በብዙ ይወፍራል። ፋሲል ከነማ ነሐሴ 2011 በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ሽንፈቱን በአየር አላመካኝም፤ አዛም ጠንካራ ክለብ ነው። ባሕር ጠርዝ ላይ የሚጫወት ደገኛ ቡድን ግን ኳሷ የት እንደምትወርድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ለብሔራዊ ቡድኑ አገር ቤት መጫወትም ብርቅ ሆኖ ነበር። የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በማጣታችን፣ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት የሜዳችን ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዛሬ ሆጤ ላይ የሚሮጥ ልጅ ነገ ለብሔራዊ ቡድን ቢጠራ የሚጠብቀው ሻንጣ፣ ሆቴልና የማያውቀው ሣር ነው። ስለዚህ ለወዳጅነት ጨዋታ ኮምቦልቻ ስንወርድ በዋዜማው ሄደን እዚያው እናድራለን። በማግስቱ በረኞቹ ከሌሎቹ ቀድመው ሜዳ ይገባሉ፤ ከሁለቱም ክንፍ የሚሻገር ከፍ ያለ ኳስ ብቻ ይለማመዳሉ፤ እጃቸው የአየሩን ልክ እስኪያገኝ ድረስ ማሟሟቂያ አይጀመርም።