ጥላ የሌለው ዛፍ

ቦንሳይ አድናቆትንና ቅያሜን አንድ ላይ ይጠራል። ዋርካ የሚመስል ነገር በዝርግ ሸክላ ላይ ስንዝር አክሎ ሲያዩት፣ «ይህስ ግፍ ነው፤ ዛፍን ማሰር ነው» የሚል አይጠፋም። ክሱ ቀላል አይደለምና በቅጡ ሊመረመር ይገባል።

የጃፓንኛው ቃል «በዝርግ ዕቃ የተተከለ» እንደማለት ነው። ጥበቡ ግን ከቻይና የተወረሰ ነው። ዛፉ በዘሩ ድንክ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ቢተከል እንደ ወገኖቹ በተመዘዘ ነበር። የሚያሳጥረው የሰው እጅ ነው። ሥሩ በየጥቂት ዓመቱ ተከርክሞ አፈሩ ይለወጣል፤ ቅርንጫፉ በሽቦ ተጠምዝዞ መልክ ይይዛል፤ ሽቦው ልጡን ሳይበላ ይፈታል። አስሮ የሚረሳ ሰው ቦንሳይ የለውም፤ ያለው ደረቅ እንጨት ነው።

ለመሆኑ የሥራው መመዘኛ ምንድን ነው? ትንሽነት ቢሆን ችግኝ ሁሉ ቦንሳይ በሆነ ነበር። ተመልካቹ መጠኑን ረስቶ፣ ነፋስና ዘመን ባጎበጠው ሽማግሌ ዛፍ ፊት የቆመ ሲመስለው ሥራው ሰመረ እንላለን። ዋሽንግተን በሚገኘው የቦንሳይ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ ሲገራ የኖረ የጃፓን ፓይን አለ። በ1945 ከያማኪ ቤተሰብ ጋር ከሂሮሺማው ቦምብ ተረፈ፤ በ1976 ለአሜሪካ ተሰጠ። ውበቱ ቅርጹ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ተረክቦ ያጠጣው መሆኑም ጭምር ነው።

ጥበቡ ባዕድ ቢሆንም ዛፎቹ ባዕድ አይደሉም። በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን ጥድና ወይራ፣ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ከሚመርጧቸው ዛፎች ወገን ናቸው። ፍየል እየጋጠ ያሳጠረውን ወይራ ያየ ሰው የዚህን ጥበብ ፊደል ቆጥሯል። አምቦ ላይ በረንዳ ያለው፣ ከፍሬ ያበቀለውን ወይራ ሥሩ በተበሳ የወተት ቆርቆሮ ሊጀምር ይችላል። ፈተናው በጋው ነው፤ ጥቂት አፈር ቶሎ ይደርቃል። ደን ገብቶ አሮጌ ግንድ መንቀል ግን ጥበብ አይባልም። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ለተቀሰቀሰው ተቃውሞ ይኸው ደን አንዱ መነሻ እንደነበር አንርሳ።

ቦንሳይ እንከን አለበት፤ ጥላ የለውም። ከዋርካና ከኦዳ ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጉባኤ ይቆማል። ከቦንሳይ ሥር የሚቀመጥ ቢኖር ጉንዳን ነው። ደን በሚመናመንበት አገር የበረንዳ ዛፍ ብቻውን ቅንጦት ነው ቢባል አልከራከርም።

የሚያስተምረን ግን አለ። ከአምቦ መለስ ያለችው አዲስ ዓለም፣ የአዲስ አበባ ማገዶ ሲመናመን ምኒልክ መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት ያሰቧት ከተማ ናት። ፈጥኖ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አቆያት። ከዚያ ወዲህ ዛፍን በፍጥነቱና በብዛቱ መመዘን ለመድን። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። ቦንሳይ አሳዳጊ ይህን ቢሰማ የሚጠይቀው ቁጥሩን አይደለም፤ «በሁለተኛው በጋ ማን አጠጣው?» ይላል። ከጃፓን የምንዋሰው ይህን ጥያቄ ይሁን፤ ሰሃኑ ቢቀርም ይቅር።